ጊታር ጀማሪ በትዝታ ቢጀምርስ?

ጊታር የጀመረ ሰው ኮርድ ለመያዝ ሲታገል ጣቱ ይቆስላል። ቀጥሎ «ስኬል ተለማመድ» ይባልና ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲን ሽቅብና ቁልቁል ሲመታ ይውላል። ልምምዱ ስህተት የለበትም፤ ዜማ ግን የለውም። ብዙው ጀማሪም ጊታሩን ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው እዚህ ሲደርስ ነው። ጆሮው በሀገራችን ቅኝት ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አለ።

በጊታር አንገት ላይ ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው። እንዲህ እየተባለ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲደረስ የክሩ ርዝመት እኩል ለሁለት ስለሚከፈል ያው ድምፅ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይመጣል። ስኬል ከእነዚህ 12 ድምፆች መካከል ተመርጠው በቅደም ተከተል የተደረደሩት ናቸው። ክር ሲቆጠር ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ ነው፤ ጀማሪ ይህን ገልብጦ ስለሚይዝ ልብ ይበሉ።

አሁን ጊታሩን ያንሱ። 5ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ በቀለበት ጣት ተጭነው ሲመቱ ዶ ያገኛሉ። 4ኛው ክር ባዶውን ሬ፣ 2ኛ ፍሬቱ ላይ ሚ ነው። 3ኛው ክር ባዶውን ሶል፣ 2ኛ ፍሬቱ ላይ ላ ይሰጣል። 2ኛውን ክር 1ኛ ፍሬት ላይ በሌባ ጣት ሲጫኑ የላይኛው ዶ ይመጣል። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ፋና ሲ ስለወጡ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤታሞች የሉበትም፤ ስለዚህ ድምፆቹን እንዳሻዎ ቢያፈራርቋቸውም ጆሮ አይቆረቁሩም።

ቀጥሎ ሚንና ላን ብቻ ከ2ኛው ፍሬት ወደ 1ኛው ይመልሷቸው። ትዝታ ማይነር ሆነ። በሁለት ድምፅ ለውጥ ስሜቱ እንዲህ መገልበጡ ለእኔ ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ይበልጣል።

ወደ ትዝታ ሜጀር ይመለሱና ከ5ኛው ክር ባዶ ድምፅ፣ ከላ፣ ተነስተው እዚያው ላ ላይ ይረፉ። ድምፆቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ ማረፊያው ስለተቀየረ ግን ባቲ ማይነር ሆነዋል። የብሉዝና የሮክ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉትም ይኸው ነው። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ ግማሽ ድምፅ ስላለባቸው ይቆዩ፤ በተለይ አንቺሆዬ ለጀማሪ ጣትም ለጀማሪ ጆሮም ከባድ ነው።

ሲለማመዱ ሜትሮኖሙን በደቂቃ 60 ላይ ያድርጉትና የሚመቱትን ድምፅ እያዜሙ ይምቱ። ጣት ብቻውን የተማረው ስኬል ከስፖርት አይለይም። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው ተጫዋቹ በድምፆች መካከል እንደልቡ ይንሸራተታል፤ ጊታር ላይ ወደዚያ የሚጠጉት ክሩን በጣት ገፋ በማድረግ ነው። እሱም ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል።

ከዚያ የሚወዱትን የትዝታ ዘፈን ከፍተው ዜማውን በጆሮ ይፈልጉ። ዘፋኙ ከዶ ካልተነሳ አይደናገጡ፤ 2ኛ ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ቢያስሩ ያው የጣት አቀማመጥ ከሬ የሚነሳ ትዝታ ይሰጥዎታል።