አዋሽ የሚያልቅበት አገር

ስለ አፋር ለጎብኚ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ከኤርታሌ እሳትና ከዳሎል ጨው አያልፍም፤ ታሪክ ከተነሳም በ1967 ዓ.ም. ሉሲ የተገኘችበት ሐዳር ይጠቀሳል። አፋምቦን የሚያነሳት የለም። ከአሳይታ ወዲያ ወደ ጂቡቲ ድንበር የሚዘልቀው ይህ ወረዳ ግን የአፋርን ታሪክ ለመረዳት ከእሳተ ገሞራው የተሻለ መነሻ ይመስለኛል፤ በዚህ ቆላ መንግሥት ያቆመው ውኃ ነውና።

ከግንጪ አካባቢ ደጋ የሚነሳው አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር አይደርስም። ደለሉን አፋምቦ ባለችበት በአውሳ ሜዳ ላይ አራግፎ፣ በገመሪና በአፋምቦ ሐይቆች በኩል አልፎ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከአቤ ውኃው መውጫ ያለው በትነት ብቻ ስለሆነ ሐይቁ ጨዋማ ነው። በበረሃ መካከል ሣርና እርሻ የሚሰጠው ይህ ደለል ገዥ ሁሉ የሚመኘው ነበር። በ1577 እ.ኤ.አ. የሐረር ኢማሞች መናገሻቸውን ወደ አውሳ አዛወሩ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን የሙዳይቶ ሥርወ መንግሥት ተተካ። በ1875 እ.ኤ.አ. ከታጁራ ተነስቶ ለግብፁ ከዲቭ ጦር እየመራ የመጣው ስዊሳዊው ሙንዚንገር አውሳ ላይ ተገደለ። ወንዙ የት እንደሚገባ ለማየት የተጓዘው እንግሊዛዊው ቴሲጀርም በ1934 እ.ኤ.አ. ማለፍ የቻለው የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ስለፈቀዱለት ነው።

«ታዲያ የሚታይ ምን አለ? አክሱም ወይም ጎንደር አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የድንጋይ ግንብ ፈልጎ የሚሄድ ባዶ እጁን ይመለሳል። ነገር ግን ቤቱን ነቅሎ በግመል ጭኖ የሚሄድ አርብቶ አደር ሥልጣኑን በግንብ አይጽፍም፤ በበጋ ግጦሹ የማን ነው በሚለው ሕግና መንገደኛ ሲገናኝ በሚለዋወጠው ወሬ፣ በዳጉ፣ ይጠብቀዋል። ዝነኞቹ የአቤ የኖራ ድንጋይ ዓምዶች በአብዛኛው ጂቡቲ ውስጥ መሆናቸውም አይካድም። ዓምዶቹ ግን ሐይቁ ዛሬ ካለበት እጅግ ከፍ ብሎ በነበረ ጊዜ ከሥሩ በፈለቀ ፍል ውኃ የተሠሩ ናቸው፤ የሐይቁን መሸሽ ከኢትዮጵያው ወገን፣ ከዳማ አሌ እሳተ ገሞራ ግርጌም ማንበብ ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሐይቆቹ ራሳቸው እየመነመኑ ጎብኚ መጥራት ምን ይረባል? ከወንጂና ከመተሐራ እስከ ተንዳሆ ግድብ ያለው መስኖ ከላይ ይጠጣል፤ አፋሮች «ደርጊ ሃራ» የሚሉት የፕሮሶፒስ ዛፍ ደግሞ ግጦሹን ወርሶታል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ግን ያው ወንዝ ሞልቶ የአውሳን መንደሮች አጥለቅልቋል። ጥማቱም ጎርፉም የሚታየው ወንዙ በሚያልቅበት በመሆኑ፣ የአዋሽን የልማት ሒሳብ ለመመርመር ከአፋምቦ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ሙቀቱ የሚቻለው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ማደሪያው አሳይታ፣ መንገድ መሪውም የአገሩ ሰው ቢሆን ይመረጣል።