ብዙ ገበታ፥ አንድ ጓዳ፤ የላየንስ ኩባንያ አነሣሥና አወዳደቅ

አንድ ምግብ ቤት ከፍቶ የቀናው ነጋዴ ሁለተኛውን ለመክፈት ማሰቡ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ቤት የመጀመሪያው ግልባጭ ይሁን፥ ወይስ ሌላ ዐይነት ደንበኛ የሚጠራ ሌላ ቤት? ይህ ጥያቄ ብዙዎችን ያስጨንቃል። በእንግሊዝ አገር የነበረው የጆሴፍ ላየንስ ኩባንያ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ለእኛም ትምህርት አለው፤ አወዳደቁም ከአነሣሡ ያላነሰ ያስተምራል። የኩባንያው ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድርጅቱን ያቋቋሙት ሳልሞንና ግሉክስታይን የተባሉ የትምባሆ ነጋዴ ቤተ ሰቦች ነበሩ። በየኤግዚቢሽኑ ለተመልካች የሚቀርበው ምግብ መናኛ መሆኑን አስተውለው፥ ጆሴፍ ላየንስን የሥራው መሪ አድርገው በ1887 በኒውካስል ኤግዚቢሽን ሻይና ምግብ አቀረቡ። ድርጅቱም በእርሱ ስም ተጠራ።

በ1894 የመጀመሪያው ሻይ ቤት በሎንዶን፥ በፒካዲሊ ጎዳና ተከፈተ። ፊቱ በነጭና በወርቅ ቀለም ያጌጠ፥ ውስጡ ንጹሕ፥ ዋጋው ለጸሐፊና ለሱቅ ሠራተኛ የሚመጥን ነበር። ሴቶች ብቻቸውን ገብተው ያለ ሐፍረት የሚቀመጡበት ቦታ በጥቂቱ በሚገኝበት ዘመን ይህ ቤት ብዙ ደንበኛ አፈራ። ውሎ አድሮም የሻይ ቤቶቹ ቍጥር ከ200 በላይ ሆነ።

ኩባንያው ግን በሻይ ቤት ብቻ አልተወሰነም። በ1896 ለባለጸጎች ትሮካዴሮ የተባለውን ታላቅ ምግብ ቤት ከፈተ። በ1909 ደግሞ ኮርነር ሀውስ የተባለውን ባለ ብዙ ፎቅ ቤት በኮቨንትሪ ጎዳና አቆመ፤ በዚህ ዐይነቱ ቤት በየፎቁ ልዩ ልዩ ምግብ ቤት ነበረ፥ ሙዚቀኞችም ለተመጋቢው ይጫወቱ ነበር። በ1954 ዊምፒ የተባለውን የሐምበርገር መሸጫ ጀመረ። እንዲህ ሲሆን ድሀውም ባለጸጋውም፥ ቸኳዩም ተዝናኚውም ለየኪሱና ለየሰዓቱ የሚስማማ ቤት አገኘ።

ገበታው ይህን ያህል ሲበዛ ጓዳው ግን አንድ ነበር። ዳቦውና ኬኩ ካድቢ ሆል ከተባለው ታላቅ ፋብሪካ በየቀኑ ይወጣል፤ ሻዩ በግሪንፎርድ ፋብሪካ ይታሸጋል፤ ኩባንያው ዛሬ ማላዊ በምትባለው አገርም የራሱ የሻይ እርሻ ነበረው። በዚህም ምክንያት በግዢና በማጓጓዣ የሚተርፈው ገንዘብ ለሁሉም ቤቶች ይዳረስ ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀው የሒሳብ አያያዙ ነው። ከአንድ ስኒ ሻይ የሚገኘው ትርፍ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ጥቂቷ ብክነት በየሻይ ቤቱ ስትባዛ ትርፉን ትበላለች። ስለዚህ ኩባንያው ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሥራ 3,000 ፓውንድ ረድቶ፥ ሊዮ የተባለውን የራሱን ኮምፒዩተር አሠራ፤ ይህም መኪና በ1951 የዳቦ ቤቱን ሒሳብ መሥራት ጀመረ። ኋላም የየሻይ ቤቱ ኀላፊ ከተለመደው ትእዛዝ የሚለወጠውን ብቻ በስልክ ስታስታውቅ፥ ለነገ የሚላከው ዕቃ በኮምፒዩተሩ ይደለደል ጀመር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ድርጅት ለምን ወደቀ? ከጦርነቱ በኋላ የከተማው ሰው ልማድ ተለወጠ፤ የአስተናጋጅ ደመወዝና የቦታ ኪራይም ከበደ፤ ሻይ ቤቶቹ እየተመናመኑ ሄዱ። የከፋው ጕዳት ግን የመጣው ከብድር ነው። ኩባንያው በአውሮፓና በአሜሪካ ሌሎች ድርጅቶችን ለመግዛት፥ በ1973 የተገዛውን ባስኪን ሮቢንስ የተባለውን የአይስ ክሬም ድርጅት ጨምሮ፥ በውጭ አገር ገንዘብ ብዙ ተበደረ። ወዲያው የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ ወለድ ጨመረ፤ ፓውንድ ረከሰ። አብዛኛው ገቢ በፓውንድ፥ ዕዳው በውጭ ገንዘብ ስለ ነበረ ሸክሙ ከበደ። ዊምፒ በ1976 ተሸጠ፤ ኮርነር ሀውሶቹ በ1977 ተዘጉ፤ በ1978 ኩባንያው ራሱ በአንድ የቢራ ኩባንያ እጅ ገባ።

ይህን ስጽፍ ሩቅ አገር ብቻ አይታየኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ እኔ በምሠራበት የአስመጪ ቤት ያልተከፈለ የዶላር ሒሳብ ነበረ። በዶላር አንዲት ሳንቲም ሳይጨመርበት፥ በብር ሲቈጠር በየቀኑ ሲያድግ ያየሁት በገዛ እጄ በያዝሁት መዝገብ ላይ ነው። ዕቃው ግን አስቀድሞ በድሮው ዋጋ ተሸጦ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፥ አዲሱ ቤት ከነባሩ ጓዳ የሚቀዳው ነገር አለ ወይ? ሁለተኛ፥ የእያንዳንዱ ቤት ትርፍና ኪሣራ ሳይደባለቅ በየቀኑ ይታወቃል ወይ? ሦስተኛ፥ ዕዳው የተጻፈው ገቢው በሚመጣበት ገንዘብ ነው ወይ? ላየንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ከማንም አብልጦ መልሶ ነበር፤ የጣለው ሦስተኛው ነው።