አስተያየት ባለቤት ይኑረው

አማርኛ ውክፔዲያ ላይ መጻፍ የጀመሩ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «የጻፍኩት ውሸት አይደለም፣ ታዲያ ለምን ያነሱብኛል?» ይላሉ። የተነሳውን ዓረፍተ ነገር ሳየው አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው፣ ውሸት የለበትም። የልባቸውን ነው የጻፉት። ግን ገጹን ብዙ ሰው አብሮ ስለሚጽፈው፣ የአንዱ ልብ እንደ ሁሉም ቃል ሆኖ ሊቀመጥበት አይችልም። ዛሬ ይህን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

ከሰፈሬ ልጀምር። «ወሎ ሰፈር ከቦሌ መንደሮች ሁሉ ለኑሮ የሚመች ነው» ብዬ ብጽፍ አምኜበት ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ወይም ኡራኤል የሚኖር ሰው ግን አይቶ ይሰርዘዋል፤ መብቱም ነው። «ወሎ ሰፈር ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አየር ማረፊያ በሚወስደው በአፍሪካ ጎዳና ላይ ይገኛል፤ ወደ ጎተራ የሚሄደው የኢትዮ-ቻይና መንገድም ከዚሁ ይነሳል» ካልኩ ግን የፈለገ መጥቶ በዓይኑ ያረጋግጣል። (ዊኪ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነም እወቁ። የውክፔዲያ እህት የሆነው ዊኪቮያጅ የመንገደኞች መመሪያ ስለሆነ «ይህ ሰፈር ማታ ማታ ይደምቃል» ማለት ይፈቀድበታል፤ የሚጠየቀው ፍትሐዊ መሆን ነው።)

ወደ ሙዚቃ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ስለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ «አራቱም ቅኝቶች የፈለቁት ከወሎ ነው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። እዚህ ውስጥ ግን ሁለት ነገር ተደባልቋል። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ አምባሰል ደግሞ የደቡብ ወሎ ወረዳ ነው። ይህ ያለ ክርክር ይገባል። ትዝታና አንቺ ሆዬም የተወለዱት እዚያው ነው ማለት ግን የታሪክ ድምዳሜ ነው፤ ድምዳሜ ደግሞ ደምዳሚውን ይዞ መምጣት አለበት። እገሌ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ በዚህ መጽሐፉ፣ በዚህ ገጽ እንዲህ ብሏል ተብሎ ሲጻፍ አስተያየቱ ራሱ መረጃ ይሆናል፤ ሰውየው ያን ማለቱን ማንም መጽሐፉን ገልጦ ማየት ይችላልና። የሚቃወመው ተመራማሪ ካለም ከጎኑ ይገባል። ይህ ማለት ለሁሉም እኩል መስመር ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ብዙ አጥኚ የተቀበለው ሐሳብ ሰፋ ያለ ቦታ ያገኛል፣ አንድ ሰው ብቻ የያዘው ጠበብ ያለ። ሚዛናዊ አቀራረብ የሚባለው መርህ ይህ ነው። አስተያየት ይባረር የሚል መርህ አድርጎ የሚረዳው ሰው ብዙ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በዚህ ስም ስንት ጥሩ ነገር ተሰርዟል!

አንድ መደበቂያ አለን፤ «ይባላል»። «ብዙዎች እንደሚሉት» ወንድሙ ነው። አስተያየታችንን በስማችን ማለት ሲያስፈራን፣ ማስረጃ ፍለጋ መውጣቱም ሲያደክመን ከዚያ ሥር እንገባለን። አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ ማን አለ? መልስ ካለ ስሙ ይጻፍ፣ ከሌለ ዓረፍተ ነገሩ ይነሳ።

ሙገሳም እንዲሁ ነው። ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ «ተወዳዳሪ የሌለው» ነው ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው ደስ ይላል፣ ለአንባቢው ግን ምንም አይነግረውም። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ማረፉን፣ ቀብሩም በመንግሥት ደረጃ በተዘጋጀ ሥነ ሥርዓት መፈጸሙን ጻፉ። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ የውጭ አገር ሰው እንኳ የቱን ያህል የተወደደ እንደነበር ከዚያ ይረዳል።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ልምጣ፤ ወደ ምሳሌ። አንዱ «እንደ ማህሙድ አህመድ ያሉ ድምፃውያን ትዝታን ተጫውተዋል» ብሎ ይጽፋል። ሌላው መጥቶ በዛወርቅ አስፋውን ይጨምራል። ሦስተኛው አስቴር አወቀን፣ አራተኛው ካሳ ተሰማን፣ አምስተኛው ትናንት አንድ ነጠላ ዜማ ያወጣ ጓደኛውን። አንቀጹ የስም ዝርዝር ሆኖ ይቀራል፤ ትዝታ ምን ዓይነት ቅኝት እንደሆነ የሚያስረዳው አንድ መስመር ከሥሩ ተቀብሯል። ማንም አስተያየት ሰጠሁ አይልም፤ ምሳሌ ነው ያስገባሁት ይላል። የምሳሌ ምርጫ ግን ራሱ አስተያየት ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ የገባ አስተያየት። እኔ የምከተለው መንገድ እንዲህ ነው፤ ምሳሌው አንድ ነገር ማስረዳት አለበት፣ የመረጥኩትም እኔ ብቻ መሆን የለብኝም። ቅኝት በክራር እንዴት እንደሚሰማ ለማስረዳት አስናቀች ወርቁን ብጠቅስ ምክንያት አለኝ፤ ፓሪስ የሚታተመው የኢትዮፒክስ የሙዚቃ አልበም ተከታታይ 16ኛ ቅጹን ለእሷ ክራር ሰጥቷል። ስለ ትዝታ ሲሆን 10ኛው ቅጽ በዚሁ ስም የወጣ ነው። ሌላ ድምፃዊ ይሻላል የሚል ሰው የተሻለ ማስረጃ ይዞ ወደ መጣጥፉ የውይይት ገጽ ይምጣ። እዚያ አስተያየት በስምና በፊርማ ይጻፋል፤ ቦታውም እዚያ ነው።

በጣም የሚከብደው የምንኮራበት ነገር ላይ ነው። ስለ ዓድዋ «ጥቁር ነጭን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈበት» የሚል ዓረፍተ ነገር በየቦታው ታገኛላችሁ። ዙሉዎች ግን ኢሳንድልዋና ላይ የእንግሊዝን ጦር እ.ኤ.አ. በ1879 አሸንፈዋል፤ ከዓድዋ 17 ዓመት በፊት። ይህን የጠቀሰ አርታኢ ባንዳ ሲባል ማየት ያመኛል። ዓድዋን የሚያገንነው እውነት አለና የተሳሳተው አያስፈልገውም፤ ከድሉ ስምንት ወር ገደማ በኋላ አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ጣሊያን የውጫሌን ውል ሰርዛ የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀብላለች። እሱን ጻፉ፤ ማንም አይነቀንቀውም።

ካልተስማማችሁ ደግሞ እየተመላለሳችሁ አትሰራረዙ። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የመለሰ ሰው ሊታገድ ይችላል። የእያንዳንዱ ለውጥ ታሪክ ገጹ ጀርባ ተቀምጧል፤ የጠፋባችሁ ነገር የለም፣ አትቸኩሉ።

ይህን ሁሉ የምለው የአማርኛው ገና ትንሽ ስለሆነ ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የኛ 15 ሺህ ገደማ ነው። እንግሊዝኛው ላይ አንድ ስህተት ቢገባ የሚያርመው ብዙ ነው፤ እኛ ጋ ግን ዓመታት ይቀመጣል፣ ተማሪም ለቤት ሥራው እንዳለ ይገለብጠዋል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምንጭ የግድ ኢንተርኔት ላይ መገኘት የለበትም፤ የታተመ ወረቀት ይበቃል። ቤታችሁ የቆየ የአዲስ ዘመን እትም፣ የሙዚቃ መጽሔት፣ ጽሑፍ ያለበት የካሴት ሽፋን ወይም የሸክላ ልባስ ካለ አትጣሉት። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት የምትገቡም ካላችሁ ያገኛችሁትን መዝግቡ። ጸሐፊውን፣ ርዕሱን፣ ቀኑንና የገጹን ቁጥር ጽፋችሁ በኮሜንት አስቀምጡልኝ፤ የትኛው መጣጥፍ ውስጥ እንደሚገባ አብረን እናያለን።