ቴርሞሜትሩ ቆሞ ሲቀር

ልብስ ብል እንዳይበላው በሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ነጭ ድቡልቡል የማያውቅ የለም። ከነዚህም አንዳንዱ ናፍታሊን፥ አንዳንዱ ደግሞ ፓራዳይክሎሮቤንዚን የተባለ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ይሸታሉ። የሚለያቸው ቴርሞሜትር ነው፤ ናፍታሊን በ80፥ ሁለተኛው በ53 ዲግሪ ሳንቲግሬድ ይቀልጣልና።

በላቦራቶሪ ናፍታሊኑ ተወቅጦ በመስተዋት ቱቦ ይጨመርና በሙቅ ውሃ ይነከራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሽታው ለጤና ደግ አይደለምና መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ሁሉም ከቀለጠ በኋላ ቱቦው ወጥቶ እንዲበርድ ይተዋል፤ ተማሪውም በየግማሽ ደቂቃው ዲግሪውን ይጽፋል።

87፥ 85፥ 83፤ እስከዚህ ድረስ ማንም አይጠራጠርም። 80 ላይ ግን ቴርሞሜትሩ ቀጥ ይላል። አንድ ደቂቃ፥ ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ተማሪ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ አንዳንዱም ከልቡ አውጥቶ 79፥ 78 እያለ ደብተሩን ይሞላል። ቱቦውን ልብ ብሎ ቢያይ ፈሳሹ ከዳር ጀምሮ እየረጋ ነው። የሚረጋውም ክፍል ሲቀልጥ የወሰደውን ሙቀት መልሶ ስለሚሰጥ ወደ ውጭ የሚጠፋውን ይተካል። ይህን ስውር ሙቀት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1760ዎቹ ለተማሪዎቹ የገለጸው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ መምህር ጆሴፍ ብላክ ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። ፈሳሹ አንዳንድ ጊዜ ሳይረጋ እስከ 78 ይወርድና ትንሽ ሲነካካ በድንገት መርጋት ይጀምራል፤ ዲግሪውም ተመልሶ ወደ 80 ይወጣል። የሚቀዘቅዝ ነገር ሲሞቅ ማን ያምናል? ስለዚህ 78 በላጲስ ይጠፋል። እኔ ግን ከደብተሩ ሁሉ አስቀድሜ ማየት የምወደው ያንን የጠፋውን ቁጥር ነው።

የመድኃኒት ቅመም የሚመረምሩ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ንጹሕ ዱቄት በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ቀልጦ ያልቃል፤ የተበረዘው ግን አስቀድሞ ይጀምርና ሲንቀራፈፍ ይቆያል። ለክፍልም ጥሩ ፈተና ይሆናል፤ ከናፍታሊኑ ዐሥረኛውን እጅ በሌላው ድቡልቡል ቀይሮ፥ ሳይናገሩ መስጠት ነው። ከመጽሐፍ የገለበጠው 80 ብሎ በኩራት ያስረክባል። ቴርሞሜትሩን ያነበበው ደግሞ 75 ወይም 76 ጽፎ፥ «የኔ ሳይበላሽ አልቀረም» እያለ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል።