ባንጆሌሌ፦ ብራና የተወጠረበት ዩኩሌሌና የሽያጩ ወግ

ባንጆሌሌ፣ በሌላ ስሙ ባንጆ ዩኩሌሌ፣ አጭር አንገቱንና አራት አውታሮቹን ከሃዋይ ዩኩሌሌ፣ ብራና የተወጠረበትን ክብ ገላውን ደግሞ ከአሜሪካ ባንጆ የወረሰ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ሁለቱም ወላጆቹ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ዩኩሌሌ እ.ኤ.አ. በ1879 ሬቨንስክራግ በተባለች መርከብ ከማዴይራ ደሴት ተነሥተው ሆኖሉሉ የገቡ ፖርቹጋላውያን ካመጧት፣ ማሼቴ ከተባለች ጊታር መሰል መሣሪያ የተገኘ ሲሆን፣ ባንጆ በባርነት ተግዘው ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ሰሜን አሜሪካ የተወሰዱ አፍሪካውያን ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ከነበረው መሣሪያ የመነጨ ነው።

ሁለቱን ያጋባቸው የድምፅ ችግር ነበር። የእንጨት ዩኩሌሌ ድምፁ ለስላሳ በመሆኑ፣ የድምፅ ማጉያ ባልተስፋፋበት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሰው በሞላበት የቲያትር አዳራሽ ውስጥ በቀላሉ ይዋጥ ነበር፤ በእንጨቱ ፊት ፋንታ የጥጃ ብራና ሲወጠር ግን፣ ማሲንቆን በቅርብ ያየ አንባቢ እንደሚገምተው፣ የአውታሩ ንዝረት ቆዳውን ስለሚያርገበግበው ድምፁ ጎልቶና ስል ሆኖ ይወጣል፣ የሚጠፋውም ፈጥኖ ነው። ይህ ፈጥኖ የመጥፋት ጠባይ ጉድለት ሳይሆን፣ ፈጣን የእጅ ምት አንዱ ከሌላው ሳይደባለቅ እንዲሰማ የሚያደርግ የመሣሪያው ዋና ውበት ነው።

ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘው በሃዋይ የተወለደው አልቪን ኪች በለንደን «ባንጁሌሌ» በሚል የንግድ ስም ከሸጣቸው መሣሪያዎች ሲሆን፣ በ1920ዎቹ በአሜሪካ የቺካጎው ከበሮ አምራች ሉድዊግና የካላማዙው ጊብሰን በየራሳቸው ስልት ሠርተውታል። በብሪታንያ የሕዝብ ፍቅር ያተረፈለት ደግሞ በዊጋን ከተማ የተወለደው ቀልደኛ ዘፋኝና የፊልም ተዋናይ ጆርጅ ፎርምቢ (1904–1961) ነው፤ ባረፈበት ዓመት በስሙ የተመሠረተው ማኅበር አፍቃሪዎቹን በብላክፑል ሲያሰባስብ የኖረ ሲሆን፣ የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰንም ከአባላቱ አንዱ ነበር።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለብዙ ዓመታት በፍቅር ይዞ የኖረ ሰው ሊሸጠው ሲነሣ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ያወጣል የሚለው ሳይሆን ከአካሉ ምን ያህሉ የመጀመሪያው ነው የሚለው መሆን አለበት። ባንጆሌሌ እንደ ቫዮሊን በሙጫ የተጣበቀ አንድ አካል ሳይሆን፣ ከእንጨት ቀለበት፣ ብራናውን ቁልቁል ከሚስብ የብረት ክብ፣ ዙሪያውን ከተደረደሩ መንጠቆዎችና ብሎኖች፣ ከአንገትና ከመቃኛዎች የተገጣጠመ ነገር ስለሆነ እያንዳንዱ ክፍል ተፈትቶ በሌላ ሊተካ ይችላል። በዚህም ምክንያት አንገቱ ላይ የታወቀ አምራች ስም ያለበት መሣሪያ ቀለበቱ የሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ገዢም በቅድሚያ የሚያየው የመንጠቆዎቹን መመሳሰል፣ የብረቱ ልባጥ እኩል ማርጀቱንና አንገቱ ከቀለበቱ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ነው። ስምም ቢሆን ያሳስታል፦ በለንደን የዳላስ ኩባንያ የፎርምቢን ስም አትሞ ለሕዝብ የሸጣቸው መሣሪያዎች አሉ፤ እነዚህንና ፎርምቢ በእጁ የተጫወተባቸውን የሚለየው ከእጅ ወደ እጅ ያለፉበትን መንገድ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ብዙ ሻጮች የሚሳሳቱት መሣሪያውን «አሳምረው» ለገበያ ለማቅረብ ሲጥሩ ነው። አሮጌውን ቫርኒሽ ፍቆ አዲስ መቀባት፣ የደበዘዘውን ኒኬል እስኪያንጸባርቅ መወልወል፣ ሳይቀደድ የቆየውን የጥጃ ብራና አውጥቶ በፕላስቲክ መተካት፣ ሰብሳቢ የሚከፍልበትን ነገር በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። ብራናው ከተቀደደ መተካቱ ግድ ይሆናል፤ የተተካ መሆኑን መናገርና አሮጌውን ቁራጭ ከመሣሪያው ጋር ማስረከብ ግን የሻጩ ግዴታ ነው።

የሽያጩ መንገድ ሦስት ነው ማለት ይቻላል። ነጋዴ ወዲያው ይከፍላል፣ የሚከፍለው ግን መልሶ የሚያተርፍበትን አስቦ ነው፤ በአደራ ተቀብሎ የሚሸጥ ሱቅ ወይም አጫራች ድርጅት ከተሸጠበት ዋጋ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ ተጫዋች ለተጫዋች በቀጥታ ሲሸጥ ደግሞ ጊዜ ቢወስድም መሣሪያው የሚያውቀው ሰው እጅ ይገባል፣ ለወደደው ባለቤትም ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ድንበር የሚሻገር ከሆነ መሣሪያው ስለተሠራበት ቁስ የወጣውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል፦ የብራዚል ሮዝዉድ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በጥብቅ የተገደበ ሲሆን፣ በብሪታንያ የ2018ቱ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከ1975 በፊት ለተሠሩና ጥርሱ ከመጠናቸው 20 በመቶ ላልሞላ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ያውም ከተመዘገቡ በኋላ፣ ሽያጭን ይፈቅዳል።

ከስምምነቱ በኋላ የሚቀረው ማሸግ ነው። አውታሮቹን ከብራናው በላይ ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሽ እንጨት፣ በበገና በርኩማ የሚባለው ዓይነት፣ በሙጫ ያልተያዘና በአውታሮቹ ጫና ብቻ የሚቆም ስለሆነ፣ አውታሮቹ ላልተው እርሱ ወጥቶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጣል። ብራና በደረቅ አየር ስለሚኮማተርና በእርጥበት ስለሚረግብ፣ ከእርጥብ አገር ወደ ደረቅ አገር የሚሄድ ከሆነ መንጠቆዎቹም በጥቂቱ ይላላሉ። የበርኩማው ትክክለኛ ቦታ ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ጣት ከሚያርፍባቸው የብረት መስመሮች አሥራ ሁለተኛው ድረስ ያለው ርቀት፣ ከዚያው ፍሬት ወደ ታች አንድ ጊዜ ተደግሞ ሲለካ የሚያልቅበት ነው። በአሮጌ ብራና ላይ ግን በዚያው ቦታ የበርኩማው እግሮች ለዓመታት ቆመው የተዉት ፈዛዛ ፋና አለ፤ ሻጩ ያንን ሳይጠርግ ከላከው አዲሱ ባለቤት ሳይለካ በዚያው ፋና ላይ መልሶ ያቆመዋል።