ለሚዘል ልጅ የሚችለው ሳይክል የቱ ነው?

ብር የሚመጣው በላብ ነው፤ የሚሄደው ግን በአንድ የገበያ ቀን። በተለይ በእኛ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ ቡና ተለቅሞ ሲያበቃ የጎረምሳው ኪስ ሞቅ ይላል። ኪሱ ሲሞቅ ደግሞ ዓይኑ ሱቅ በር ላይ በቆመች አብረቅራቂ ሳይክል ላይ ያርፋል።

ሰሞኑን በጊንጆ ጉዱሩ የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ልጄ ቡና ለቅሞ ባጠራቀመው ብር ሳይክል ሊገዛ ነው። ትምህርት ቤት ሊሄድባት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካስ ከአፈር ክምር ላይ ሊዘልባት ኖሯል! ልከልክለው ወይስ ልተወው?» ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ መልሱን እዚሁ ላድርገው።

እናቴ፣ አይከልክሉት። የተከለከለ ጎረምሳ መዝለሉን አይተውም፤ ተደብቆ፣ በሰው ሳይክል ይዘላል። ይልቅ አብረውት ገበያ ይውጡ።

ዱርዬነት ነው እንዴ?

አይደለም። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ነው። የሞተር ሳይክል እሽቅድድም ያዩ ሕፃናት ሞተሩ ቢያጥራቸው በትንንሽ ሳይክላቸው አፈር ላይ መዝለል ያዙ፤ ነገሩም «ቢኤምኤክስ» ተባለ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ገባ፤ በአየር ላይ የሚገለባበጡበት ዓይነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ተጨመረ። እኛም ብንሆን ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተካፈለችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን፣ ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

የጎማው ቁጥር

የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ 20፣ 24 ወይም 26 ኢንች ይላል። ለረጅም መንገድ የሚሠሩት የዛሬዎቹ የተራራ ሳይክሎች 29 ይደርሳሉ፤ ለመዝለል ግን ትንሽ ጎማ ይሻላል። ሽቦዎቹ አጭር ስለሆኑ ጎማው ጠንካራ ነው፤ ሳይክሉም አጭርና ቀላል ስለሚሆን አየር ላይ እንደልብ ይታዘዛል።

20 ኢንች ሲሚንቶ ላይና ትንንሽ ክምር ላይ ለሚጫወት ነው። ማርሽ የለውም፤ ማርሽ ከሌለው ደግሞ የሚሰበረውም የሚጠገነውም ያንሳል፤ ለድሃ ኪስ የሚስማማው እሱ ነው። 26 ኢንች ለረጅም ልጅና ጉድጓድ ለበዛበት አፈር ይመቻል። 24 መሐል ቤት ነው፤ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ጎሚስታ «ጎማና ካላማዳሪ ይገኝለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ! 20 ኢንች ሁሉ ቢኤምኤክስ አይደለም። ለትንሽ ልጅ መንሸራሸሪያ የተሠራም 20 ኢንች አለ፤ ጎረምሳ ቢዘልበት ይታጠፋል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሪው አንገት እስከ ኮርቻው ምሰሶ ያለውን አግዳሚ ብረት ለኩ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 አካባቢ ለሆነ ልጅ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ለሚረዝም 53 እና ከዚያ በላይ ይሁን።

ስፕሪንግ አያታላችሁ

በሰፈሬ አንድ ልጅ ነበር። ሙሉ የለቀማ ብሩን ከፊትም ከኋላም ስፕሪንግ ላለው፣ ባለ ብዙ ማርሽ ሳይክል ሰጠ። ጓደኞቹ ቀኑበት። ሁለት ወር ሳይሞላ ሲዘል አንገቱ ጋ ያለው ብየዳ ለቀቀ፤ ልጁም በትከሻው ወድቆ አጥንቱ ተሰበረ። ወጌሻ ቤት ሲመላለስ ከረመ፤ ሳይክሉ ለቁራሌው ተሸጠ። የድሃ ልጅ የዓመት ድካም እንዲህ ቀለጠ።

ርካሽ ስፕሪንግ ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። በትንሽ ብር ስፕሪንግም፣ ማርሽም፣ ጥሩ ብረትም አንድ ላይ አይገኝም። የኋላ ስፕሪንጉ ይቅር፤ ብሩ ለብረቱ ይዋል። ከሁሉ የሚመረጠው ክሮሞሊ የሚባለው ብረት ነው፤ ውድ ከሆነባችሁ ተራው ብረትም ከባድ ይሁን እንጂ ለጀማሪ ይበቃል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ግን ከተሰነጠቀ የሰፈር ብየዳ ቤት አይችለውም። መለየት ካቃታችሁ ማግኔት ውሰዱ፤ አሉሚኒየምን አይዝም።

አገልግሎት ላይ የዋለ ከሆነ

አዲስ አበባ መርካቶም ሆነ ጅማ መርካቶ ያገለገለ ሳይክል ስትገዙ እነዚህን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ፦

አንደኛ፣ አንገቱ ሥር ያለውን ብየዳ እዩ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ካለች ጥላችሁ ሂዱ። አዲስ ቀለም በዚያ ቦታ ብቻ ከተቀባም ጠርጥሩ።

ሁለተኛ፣ የፊት ፍሬን ካለው ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዙ፤ አንገቱ ቀጭ ቀጭ ካለ ልል ነው።

ሦስተኛ፣ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ቸርኬው ከተወላገደ ወይ ሽቦ ጎድሎታል ወይ ክፉኛ ወድቋል።

አራተኛ፣ ፔዳሉን የያዘውን ክንድ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ መነቅነቅ የለበትም።

አምስተኛ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። የተሰረቀ ሳይክል ርካሽ ቢሆንም ጣጣው ብዙ ነው።

ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ በአውቶቡስ ከጫናችሁም፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ፖርቶመጋላ ላይ ሲንገጫገጭ እንዳይጣመም መሪውን አዙራችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እሰሩት።

ብሩ በሙሉ ለሳይክሉ አይውጣ። ከአምስት እጅ አራቱ ለእሱ፣ አንዱ እጅ ለሄልሜትና ለመለዋወጫ ይቀመጥ። ሄልሜት አንዴ በደንብ ከተመታ ሥራው አብቅቷል፤ ደህና ቢመስልም ይጣል።

ስለ ክምሩም አንድ ቃል

የጅማ ቀይ አፈር ሲረጥብ ሳሙና ነው። ክረምት ላይ፣ ወይም ዝናብ ባቆመ ማግሥት፣ መዝለል አጥንትን መሸጥ ነው። በበጋ ውኃ እየረጩ ይጠቅጥቁት። መነሻውና መውረጃው መሐል ክፍት አይሁን፤ በአፈር ይሞላ፤ ለጀማሪ ባዶው ጉድጓድ ነው ገዳዩ። መውረጃውም ተዳፋት ይሁን፤ ሜዳ ላይ በቀጥታ ማረፍ ቁርጭምጭሚትም ሳይክልም ይሰብራል። ደግሞ ቡና ከተሰጣበትና ባጃጅ ከሚመላለስበት ይራቅ!

ወድቆ ራሱን የመታ ልጅ ካስመለሰው፣ ካንቀላፋ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ወዲያው ሆስፒታል ይወሰድ።

እንግዲህ እናቴ፣ ልጅዎ ብሩን የሠራው በገዛ እጁ ነው፤ በገዛ እጁም መምረጥ ይገባዋል። እርስዎ ግን ማግኔቷንና ሜትሯን ይዘው አጠገቡ ይቁሙ። ሻጩ «ይቺ እኮ ባለ ስፕሪንግ ናት!» ሲል የልጅዎን እጅ ይዘው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።