የጭላሎ አውራጃ እና ካዱ

አውራጃ የሚባለው እርከን ዛሬ በመንግሥት መዋቅር ውስጥ የለም። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፍላ ትተዳደር ነበር። ለገጠሩ ሰው አውራጃ ማለት ግብር የሚጠየቅበት፣ ክርክር በይግባኝ የሚደርስበት ሩቅ ቢሮ ነበር። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ከሚሰበስቡት ገቢ ከፊሉን ለራሳቸው ልማት እንዲያውሉ የሚፈቅድ የራስ አስተዳደር ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ስላላጸደቀው ግን ከወረቀት አላለፈም።

አርሲ ውስጥ ከነበሩት አውራጃዎች ስሙ ከአገር አልፎ የተሰማው ጭላሎ ነው። ዋና ከተማው አሰላ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጭላሎ ተራራ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ሆነ ደራርቱ ቱሉ ያደጉት በዚሁ ደጋ ነው። ጭላሎን በዓለም የልማት መጻሕፍት ውስጥ ያስገባው ግን ሩጫ ሳይሆን ስንዴ ነው።

1960 ዓ.ም. ሲገባ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጋራ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን ሥራ አስጀመሩ። ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ካዱ» ይለዋል። ሐሳቡ አንድ አውራጃን ሙሉ በሙሉ ይዞ የአነስተኛ ገበሬውን ኑሮ መለወጥ ነበር። ከአሰላ በስተሰሜን ቁሉምሳ ላይ የምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ተሰጠ፤ የፈረንጅ ኮርማ ከአገር ላም ጋር ተዳቀለ፤ ወተት የሚሰበሰብባቸው ጣቢያዎች ተቋቋሙ። የእርሻ ባለሙያዎች በየአካባቢው አርአያ ገበሬ እየመረጡ፣ ጎረቤቶቹ በማሳው ላይ ልዩነቱን በዓይናቸው እንዲያዩ ያደርጉ ነበር። የተማረ ሰው እግሩን ጭቃ አስነክቶ ገበሬ ማሳ ድረስ መሄዱ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር፤ ለእኔ ከካዱ ሥራዎች ሁሉ የሚልቀው ይኸው ነው።

ችግሩ መሬቱ የማን እንደሆነ ነበር። ጢሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ ጋር የተፈራረመው የኪራይ ውል ይጠየቃል። ባለመሬቱ ደግሞ ፊርማው ነገ በፍርድ ቤት የሚመዘዝ ማስረጃ እንዳይሆንበት ስለሚፈራ አይፈርምም። ስለዚህ ማዳበሪያው መጋዘን ውስጥ እያለ፣ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ተሳክቶለት የወሰደውም ምርቱ ሲጨምር የኪራይ ድርሻው አብሮ ይጨምርበታል፤ ሲሶ ይከፍል የነበረው እኩል እንዲያካፍል ይገደዳል።

የባሰው በትራክተር መጣ። ስንዴ እንደሚያተርፍ ሲታይ ባለመሬቶችና ነጋዴዎች ትራክተርና ኮምባይነር አስገቡ። መንግሥት ለእርሻ መሣሪያና ለነዳጅ ከቀረጥ ነጻ ፈቃድ ሰጥቶ ስለነበር ማሽን ከጢሰኛ ይልቅ ረከሰ። በተለይ ሜዳማ በሆነው የአውራጃው ሰሜናዊ ክፍል ጢሰኞች በሺህ እየተቆጠሩ ከመሬቱ ተነቀሉ። ካዱ ጉዳቱን በጥናቶቹ መዝግቦታል፤ ባለሰፊ መሬቶችንም ከብድር አግዷል። ስዊድንም የመሬት ኪራይ ሕግ እንዲወጣ አጥብቃ ትጠይቅ ነበር። ረቂቁ ግን ባለመሬቶች በበዙበት ፓርላማ ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። በእኔ እምነት ጥፋቱ የማዳበሪያው ወይም የዘሩ አልነበረም፤ ሕጉን ያዘገዩት ሰዎች ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ የጢሰኝነት ሥርዓት አበቃ። ካዱም አርሲን ሁሉ እንዲያቅፍ ተደርጎ «አርዱ» ተባለ። አውራጃው ራሱ የቆየው እስከ 1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ነው። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲዋቀሩ ወረዳ መሠረታዊ እርከን ሆነ፤ ዞን በቦታው ገባ፤ ጭላሎም የተራራ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ።

ቁሉምሳ ግን ዛሬም የአገሪቱን የስንዴ ምርምር ያስተባብራል። ኩብሳና ዲጋሉ የተባሉት ዝርያዎች ከዚያው ወጥተው በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ ተዘርተዋል፤ ኋላ ሁለቱም በዋግ ተጠቅተዋል። በካዱ ቢሮ የሠሩ፣ ብድር የወሰዱ፣ ከመሬታቸው የተነቀሉ አረጋውያን አሰላና በቆጂ አካባቢ አሁንም አሉ። ከእነዚያ መንደሮች የምትወለዱ አንባቢዎች፣ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ጻፉት።